ተነብቧል

በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ድሮ የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ሥራና ልጆች ተጠርተው ያበቃ ነበር አሉ። አሁን ከልጆቹ ቀጥሎ መጻሕፍቱ ይመጣሉ። ማን እንደጀመረው በውል የሚያውቅ የለም። አንድ ትልቅ ሰው ሲቀበሩ ልጃቸው አባቱ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ከማንበቢያ መሣሪያቸው ላይ እያየ ጠራ፤ ሰው ተደነቀ። በሚቀጥለው ቀብር ሌላው ቤተሰብ «የእኛ ሰው ከማን ያንሳል» አለ። በቃ፣ ደንብ ሆኖ ቀረ። የእኛ ሰው ደንብ ለማውጣት ይሰንፋል እንጂ ለመቅዳትማ ማን ይቀድመዋል።

በብሎክ ዘጠኝ ዕድር ይህን የሚያነበው ጋሽ ኪሩቤል ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ቀጥ ያለ ቁመና፣ ወፈር ያለ ድምፅ፣ ኮሌታው ላይ ብጣሽ ክር የማይገኝበት ሰው። ሰፈሩ «አንባቢው» ይለዋል። ይህ ስም እንዲሁ በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ጭማቂ ነው የሚያነበው፤ ማንኛውም መጽሐፍ በማሽን አጥሮ፣ ተጨምቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል፣ ነውርም የለበትም። መጽሐፍን ከነገለባው ያነባል ተብሎ የሚታመነው በብሎኩ ውስጥ ኪሩቤል ብቻ ነበር።

በዚያ ሰኔ የተቀበረው ናሆም የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ውሃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር ከፎቅ ፎቅ ሲሯሯጥ የኖረ ደግ ሰው። ኪሩቤል ጭቃው ላይ ቆሞ ታሪኩን አነበበ። ልጆቹ ተጠሩ፣ ከዚያ መጻሕፍቱ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ የውሃ ፓምፕ ጥገና፣ አንዱ ለልጆቹ የገዛው ተረት፣ አንዱ የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ። ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቶሎ ቶሎ አለው። ቀባሪው ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። የናሆም ሚስት ሶልያና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ሲያዩዋት የምታለቅስ ትመስል ነበር፣ አጠገቧ ለቆመ ግን እፍረት ነበር። ባሏን አፈር ሳያለብሱት እሷን አሳፈሯት።

ኪሩቤል አዘነ። ያዘነው ግን ለእሷ ብቻ አልነበረም።

ከቀብር መልስ በድንኳኑ ውስጥ የዕድሩ ዳኛ ያፌት ንፍሮ ዘግኖ አጠገቡ ተቀመጠ። ያፌት በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ሁሉን ነገር በሩጫ የሚጨርስ ሰው ነው።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ የማንበቢያችን ውል ሊያልቅ ነው» አለ። «ሁለት ድርጅቶች መጥተዋል፣ ዝክርና አብሮ የሚባሉ። አንዱን ብቻ ነው መምረጥ የምንችለው። ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ከሆነ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ መክፈት አይችልም።»

«ውሉ ለስንት ጊዜ ነው?»

«ለአምስት ዓመት። ከፈረምን በኋላ መመለሻ የለውም። ሁለቱም መሞከሪያ ሰጥተውኛል፤ እርስዎ ይዩልንና በነሐሴው ስብሰባ ይንገሩን። እርስዎ ያሉት ነው የሚሆነው።»

«እኔ ብቻዬን?»

«ታዲያ ሌላ ማን አንባቢ አለን?» አለ ያፌት። እየቀለደ አልነበረም።

ኪሩቤል አንብቦ አያውቅም ማለት ግፍ ይሆናል። በወጣትነቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እያነበበ ተራው የሚያልፈው ዓይነት ሰው ነበር። ጭማቂ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የተሳደበው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ሥራ በዝቶበት «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ቀመሰው። ለዛሬ ብቻ የተባለ ነገር መቼ ለዛሬ ብቻ ሆኖ ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ወደ ሙሉው መጽሐፍ ልመለስ ሲል ዓይኑ መስመሩን ይዞ ይሄዳል፣ ልቡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ፣ ከዚያ ወደ ጭማቂው። ስሙ ግን አብሮት አልከሳም። ሰው አስተያየት ይጠይቀዋል፣ እሱም ጢሙን እየዳበሰ ይሰጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ውሸት ግን እያደር ነው የከበደው።

ሁለቱን መሣሪያዎች ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ዝክር ቀጭንና ውብ ነው። ሲከፍተው ከአሮጌው ማንበቢያ የተሻገሩት የዕድሜ ልኩ መጻሕፍት ተሰለፉ፣ በእያንዳንዱ ጥግ ላይ «ተነብቧል» የምትል አረንጓዴ ምልክት አለች። ዝክር የተከፈተን ሁሉ የተነበበ ይለዋል፤ አሮጌው ማንበቢያም እንደዚያው ነበር። አንድ ጠባይ ብቻ አለው። ሰው ድምፁን አውጥቶ ካነበበበት ገጹ ነጭ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው የተሸጠ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ጆሮ አይሆንም ነው ነገሩ።

አብሮ ደግሞ ወፍራምና መልከ ጥፉ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጮክ ብለው ቢያነቡበት አይከፋውም። ዓይንን ግን ይከተላል። ማን የት ድረስ እንዳነበበም በዕድሩ የጋራ መደርደሪያ ላይ ለሁሉም ያሳያል፣ ሰው ከሰው እንዲዋዋስ ተብሎ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሽ ኪሩቤል» ሲል ጻፈለት። «ካቆሙበት እንቀጥል?» ከሥሩ መጻሕፍቱ መጡ። ገጽ አራት። ገጽ ሦስት። ገጽ አሥራ አንድ። ገጽ ሦስት። አሮጌው ማንበቢያ አይቶ ዝም ያለውን ሁሉ ይሄኛው በትህትና ይናገራል። ኪሩቤል በጣቱ እያንሸራተተ ወረደ። የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፣ ባያገኘው ደስ ባለው። አገኘው። «ከሹፌሩ ጀርባ፤ በሄርሜላ። ያቆሙበት፦ ገጽ ሁለት።» መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ምነው ደፋኸው?» አለች ሚስቱ ብሌን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና።

«ብርሃኑ ዓይን ይወጋል።»

ብሌን ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እኔ እኮ አንድ ቤት ነው አብሬህ የኖርኩት» አለች። «ገጽ ስትገልጥ ካየሁህ ስንት ዘመኔ።» ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። አልተቆጣችም፣ አላሾፈችም። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

የሄርሜላ መጽሐፍ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ሄርሜላ የኖላዊ ሚስት ናት፣ ኖላዊ ደግሞ የኪሩቤል የልብ ጓደኛ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ሳይጀምሩ በፊት ከነበሩት ከመጨረሻዎቹ አንዱ። ሄርሜላ ተማሪ ሳለች ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር እየተሻማች ነው የተዋደዱት። ሲሞት መጽሐፍ ጻፈችለት። በብሎኩ አዳራሽ ሲመረቅ ማን ይናገር ተባለ፤ ማን ይናገራል፣ አንባቢው ነዋ። ኪሩቤል ተነሥቶ «አንዴ ከያዝኩት አላስቀመጥኩትም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት» አለ። ጭማቂው «ልብ የሚነካ የሐዘን ትዝታ» ይል ነበርና ከዚያ የወሰደው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሄርሜላ ከመድረኩ ላይ ረጋ ብላ አየችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው።

አሁን ዓይኗ እየከዳት ነው። የዓይን ግፊት ነው አሏት፣ ዘግይተሻል አሏት። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ የደረጃውን ብረት እየዳበሰች ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ወረደች፤ ሊፍት እንደሆነ በዚህም ዘመን አይሠራም።

«ኪሩ፣ የሁለቱ መሣሪያ ነገር አንተ ጋ ነው አሉኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«እየሞከርኳቸው ነው።»

«አብሮ የሚሉት በሰው ድምፅ ያስነብባል አይደል?»

«ያስነብባል።»

«እንግዲያ እሱን በልልኝ። መጽሐፌን እንድታነብልኝ ነው የምፈልገው፣ ዓይኔ ከጠፋ በኋላ።»

«ማሽኑ ራሱ ያነብልሽ የለ?»

ሄርሜላ ሳቀች። «በሩ በማሽን ድምፅ ነው የሚያወራኝ። ማቀዝቀዣው በዚያው ድምፅ ነው ወተት አልቋል የሚለኝ። የባሌን ነገር ደግሞ ማቀዝቀዣ ያንብብልኝ? አንተ ኖላዊን ታውቀዋለህ። የት ጋ ቆም እንደሚባል ታውቃለህ።»

ብሌን ሻዩን አቀረበች፤ ስታስቀምጥ ባሏን አንድ ጊዜ አየት አደረገችው።

«እሺ፣ ላስብበት» አለ ኪሩቤል።

«ምኑ ነው የሚታሰበው?» አለች ሄርሜላ፣ ሻይዋን እየፈለገች። ብሌን ስኒውን እጇ ላይ አስያዘቻት።

ሐምሌን በሙሉ ያሰበው ስለ መሣሪያ አልነበረም። አብሮ ከተመረጠ በማግስቱ የጋራው መደርደሪያ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ኪሩቤል ምን አነበቡ?» ብሎ መጀመሪያ የሚያየው የእሱን ነው። ገጽ ሦስት፣ ገጽ አራት። ሄርሜላም ልጇን ጠርታ «እስቲ የኔን የት አደረሰው?» ትለዋለች። አንድ ቀን ደግሞ እሱም ይሞታል፤ ያፌት መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ያን ያነባል፣ ሰውም ጫማውን ያያል፣ ብሌንም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። መጽሐፉን አሁን አንብቦ ለመጨረስም ሞከረ። ተቀመጠ፣ ከፈተ፤ ከመስመር መስመር የሚያስበው «ባይታወቅብኝስ» የሚለውን ብቻ ነበር። እንዲህ እየተፈራ የሚነበብ ነገር የት ይገባል። ትቶት ተነሣ።

የነሐሴው ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር፤ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። የቀረ ሰው ይቀጣልና አዳራሹ ሞልቷል። ኪሩቤል ሁለቱን መሣሪያዎች በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ ዝክር ቀላልና ግልጽ ነው» አለ በዚያ ወፍራም ድምፁ። «አብሮ ደግሞ ዓይናችንን ይጠብቃል። የት እንደቆምን፣ የት እንዳዛጋን ይይዝብናል፣ ለጎረቤትም ያሳያል። እኔ የማውቀው ንባብ የሰው ልጅ ብቻውን የሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያም ጠባቂ ይቁምብን?»

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ገብቶታል።

«ሰኔ ላይ ናሆምን ቀበርን» ሲል ቀጠለ። ይህን ለማለት አላሰበም ነበር፤ አፉ ራሱ አገኘው። «ሦስት ብለን ቀበርነው። ያ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ውሃ አጠጣን፣ እኛ በመጽሐፍ ቆጥረን አሳነስነው። አብሮ ቢገባ ኖሮ ከሦስቱም ላይ ገጽ ይቀንስበት ነበር። ሌላ ቤተሰብ እንደዚያ እንዲያፍር የሚፈልግ አለ?»

ሶልያና ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ይህኛው እውነተኛ ለቅሶ ነበር። የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው የባሰው። ቃል በቃል ልክ ነበር፤ ለራሱ መሸሸጊያ መሆኑን ከእሱና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለውም።

ሄርሜላ እጇን አወጣች። «የድምፁስ ነገር?» አለች። «አብሮ ጮክ ብሎ ያስነብባል አሉ።»

«ሄርሚ፣ ለድምፅ መላ አይጠፋም» አለ ኪሩቤል። እያያት አልነበረም፤ ከራሷ በላይ ያለውን መስኮት ነበር የሚያየው። «ለአንድ ጉዳይ ብለን ሁሉን ሰው በጠባቂ ሥር ማድረግ ግን ይከብዳል።»

ሄርሜላ እጇን አወረደች። ከዚያ «አንተ ያልከው ይሁን» አለች።

ያፌት «ዝክር የምትሉ» ብሎ ጠየቀ። ከመጀመሪያዎቹ እጆች አንዱ የሄርሜላ ነበር። ብሌን ብቻ ሻዩን ልይ ብላ ወጥታለች። ሲያበቃ ሶልያና መጥታ የኪሩቤልን ትከሻ ስማ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የባሌን ስም አነሡልኝ» አለችው። ኪሩቤል «ምንም አይደል» አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ ግን ቆሞ የሌሎችንም ምስጋና ተቀበለ።

በጥቅምት የሄርሜላ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ልጇን ልካ አስጠራችው። ኪሩቤል ደረጃውን እየወጣ የሚለውን አዘጋጀ፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ትዕግሥት። ሄርሜላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ዝክር ጭኗ ላይ አለ፣ እንዲያው እንደ ትራስ ትዳስሰዋለች።

«ልጄ ሊያነብልኝ ሞከረ» አለች። «ገና አፉን ሲከፍት ነጣበት። በሹክሹክታም ሞከረ፣ እሱንም ሰማው። ጆሮው አይጣል ነው።»

«አላወቅኩም ነበር» አለ ኪሩቤል። በደንብ ያውቅ ነበር።

«ግድ የለም። መሣሪያ ለምን ያስፈልገኛል ብዬ አሰብኩ። አንተ አንብበኸዋል፤ እስከ መጨረሻው፣ እያለቀስክ። ከምታስታውሰው ንገረኝ።»

ኪሩቤል ጉሮሮውን ጠራረገ። ስለ ፍቅራቸው ጽናት ተናገረ። ከተማዋ እንዴት እንደተለወጠች፣ የሹፌርነት ሙያ እንዴት እንደጠፋ፣ ሐዘን ሰውን እንዴት እንደሚያበረታ ተናገረ። ሄርሜላ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። እየተናገረ ሳለ የራሱ ድምፅ ለጆሮው እንግዳ ሆነበት፤ በሩም ማቀዝቀዣውም የሚያወሩት በዚህ ዓይነት ነው።

«ያ አውቶቡሱ የተበላሸ ዕለትስ?» አለች ሄርሜላ። «ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ እኔና ኖላዊ ብቻችንን የቀረን ዕለት። ምን ነበር ያለኝ? የእሱን ቃል በሰው አፍ ልስማው።»

እዚህ ጋ አላስታውስም ማለት ይቻል ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ኪሩቤል ግን ስንት ዘመን አላስታውስም ብሎ ስለማያውቅ ቃሉ አልመጣለትም። «ሄርሚ» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «ከአንቺ ጋር ከሆነ ይህ መንገድ ባያልቅ ደስ ይለኛል፣ ነው ያለሽ።»

የሄርሜላ ጣት የመሣሪያውን ጠርዝ እየተከተለ ሄደና ቆመ።

«አዎ» አለች። «እንዲያ ነው ያለኝ።»

ደረጃውን ሲወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ኖላዊ በሕይወት ዘመኑ እንዲያ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኖላዊ ሰው «እወድሃለሁ» ሲለው «ትርፍ አልጭንም» የሚል ሰው ነበር። ታዲያ ለምን አዎ አለች? የፈጠረው ከእውነቱ ጋር ሊገጥም አይችልም፤ ወይ ረስታለች፣ ወይ አዝናለታለች። ሁለተኛው ሲመጣበት አንገቱ ድረስ ጋለ። ቤቱ ገብቶ ዝክርን አነሣና ያን ዕለት ፈለገ። «ተበላሸ» ብሎ ቢፈልግ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በራ፤ አውቶቡሱ የማይበላሽበት ምዕራፍ የለም። ጭማቂው ስለ ብልሽት አንድ ቃል አይልም። ሌላ መንገድ አልነበረም። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፣ አረንጓዴዋ «ተነብቧል» ከጥግ እያየችው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ባሌን ያገባሁት ተኝቼ ነው» ይላል። ይህን ያን ጊዜም ዓይኑ አልፎበታል፤ እንዴት ሳይነካው እንዳለፈ ገረመው። ሄርሜላ ከሹፌሩ ጀርባ ላለመነሣት በየቀኑ መውረጃዋን ታልፋለች፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ኖላዊ ዞሮ ሲያያት «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ትለዋለች። ይህ ሲደጋገም ምስኪኑ ኖላዊ የእንቅልፍ በሽታ መስሎት አዘነላት። አንድ ጠዋት ከመቀመጫው ሥር አምስት ሊትር ጀሪካን አወጣ፤ ፀበል ነበር። እዚያው ተሳፋሪ ፊት ጠጪ አላት። ጠጣች። ተሳፋሪው ሁሉ «ይማርሽ» አላት፣ አንድ ሽማግሌ ለምስጋና እልል በሉ አሉ። ኪሩቤል ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ፣ ገጹም ነጣበት።

ዝክር ሳቅንም እንደ ንባብ ይቆጥረዋል። ገጹ እስኪመለስ ጠበቀ፣ ቀጠለ፣ ደግሞ ሳቀ፣ ደግሞ ነጣ። በኋላ መሐረቡን አፉ ውስጥ ጎሰረ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ብሌን ብቅ ብላ።

«ኖላዊ ነው» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ፀበል በጀሪካን...» መጨረስ አቃተው። ብሌን በሩን ሳትዘጋ ሄደች፤ እሱም መልሶ አልዘጋውም።

መጽሐፉ ቀናት ፈጀበት። ልቡ እንደድሮው ወደ ኋላ እየቀረ ያስቸግረው ነበር፤ ያኔ ይመለስና ያን መስመር ደግሞ ይይዛል። የሚፈልገው ነገር ነበረው፣ ተሳፋሪው የወረደበትን ቀን። አውቶቡሱ ተበላሸ፣ ተሳፋሪው ገፋው። ተበላሸ፣ ተሳፋሪው ውስጥ ተቀምጦ ሹፌሩን መከረ። በግ ጠፋ፣ ሙሽራ ተሳፈረች፣ የሰው አለባበስ ላይ ጠብ ተነሣ። የወረደ ሰው ግን የለም። እያንዳንዱን ቀልድ ባነበበ ቁጥር አዳራሹ ውስጥ ቆሞ «እያለቀስኩ» ያለበት ድምፁ ይመጣበታል። አንዲት ሴት ባሏን ቀብራ፣ ሰው ስቆ እንዲያስታውሰው ብላ ይህን ሁሉ ጻፈች፤ እሱ በምረቃዋ ቀን የሐዘን መጽሐፍ አደረገባት። ብቻውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የመጨረሻው ገጽ አጭር ነው። «ሰዎች እንዴት ያለ የፍቅር ጊዜ ነበር ይሉኛል» ይላል። «የፍቅር ጊዜ የት አግኝተን። አንድ ቀን እንኳ እኔና እሱ ብቻችንን አውቶቡስ ውስጥ ሆነን አናውቅም። ሁልጊዜ ሰው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ እሱም እኔን በመስታወት።»

ኪሩቤል እዚህ ላይ አለቀሰ። ገጹ አልነጣም፤ ዝክር እንባ አይሰማም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣ። ሄርሜላ በኮቴው አወቀችው፤ «ግባ ኪሩ» አለች። አልተቀመጠም።

«ተሳፋሪው ወርዶ አያውቅም» አለ።

ሄርሜላ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። «ጨረስከው ማለት ነው።»

«ትላንት።»

«ፀበሉ ጋ ሳቅክ?»

«ገጹ እስኪነጣ።»

ፈገግ አለች። ኪሩቤል ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለ።

«ከምረቃው ቀን። እያለቀስኩ አነበብኩት ስትል። በልቤ፣ ይሄ ሰው የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው ያነበበው አልኩ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን እጅሽን አወጣሽ? ለምን አንድ ቃል አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? የባሌን ጓደኛ በሰው ፊት ላዋርደው?» አለች። «ዓይኔን ነው ያጣሁት እንጂ ነውር መች ጠፋኝ።»

ብትሰድበው በቀለለው። ስድብ ጠብቆ ነበር የመጣው፣ ደረጃውን ሁሉ ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የወጣው። «አሳፈርኩሽ» አለ። «ለራሴ ስል ነው። የናሆምንም ስም ለራሴ ስል ነው ያነሣሁት። ይቅርታ ለማለት ማን ፊት እንደምቆም አላውቅም።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለች ሄርሜላ። «እኔ መጽሐፌን በሰው ድምፅ መስማት ነበር የፈለግኩት። በቃሌማ አውቀዋለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲለው እንዴት እንደሚሆን ነው የማላውቀው።»

«መሣሪያው ይነጣል።»

«አዎ። አንተ የመረጥከው ነው።»

ኪሩቤል ቆቡን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ያን ጠዋት ከመምጣቱ በፊት በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አንድ ገጽ ሲያጠና ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ለፈተና የሚፈራውን ያህል ፈርቷል። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ባዶ እጁን ጎኑ ላይ አደረገ።

«ባሌን ያገባሁት ተኝቼ ነው» አለ።

ሄርሜላ ገና ከአሁኑ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ቀጠለ፤ አንድ ቦታ ቃል ዘለለ፣ ተመልሶ አነሣው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ኖላዊ የሚዞርበት ጋ ቆም አለ፣ ኖላዊ ሲዞር እንዲያ ቆም ይል ስለነበር። ሄርሜላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ገጹ አለቀ።

«ከዚያስ?» አለች።

«እስከዚህ ነው ያጠናሁት።»

ሄርሜላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። የበሩ ማሽን በዚያ በሚታወቀው ድምፁ እንግዳ መኖሩን ተናገረ፤ ሁለቱም አልሰሙትም።

«እንግዲያ ነገ ሁለተኛውን ገጽ ይዘህ ና» አለችው።